ነጻና ርካሽ ሶፍትዌር ከየት በደኅና ይወርዳል? በክራክ ምክንያት የደንበኞቼን ፋይል ካጣሁ በኋላ የማቀርበው ጥያቄ

የደብረ ብርሃኑ ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የሠርግ ጥሪ ወረቀት ሥራ የምሠራበት ትንሽ ቤት አለኝ፤ ያለኝ ሦስት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሪንተር ነው። ከሁለት ወር በፊት አንደኛው ኮምፒውተር ስለዘገየብኝ ፎርማት አስደረግሁትና የፎቶ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም መልሼ ለመጫን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ «በነጻ፣ ከነክራኩ» የሚል ገጽ አግኝቼ አወረድሁ፤ ክራክ የምንለው የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የሚሰብረውን ነው። ክራኩ ሊከፈት ሲል አንቲቫይረሱን እንዳጠፋ ጠየቀኝ፤ እኔም አጠፋሁት። በማግሥቱ ጠዋት ቤቱን ስከፍት ማመልከቻው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ የስሙ መጨረሻ ተቀይሮ አልከፈት ብሎ ጠበቀኝ። በየፎልደሩ የተቀመጠው አጭር ጽሑፍ በ72 ሰዓት ውስጥ 490 ዶላር፣ ከዚያ ካለፈ 980 ዶላር እንድከፍል ይጠይቃል። አልከፈልሁም፤ የምከፍለውም አልነበረኝም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነኝ ሰው አምኖ የሰጠኝን ማጣቴ ነው። አንዲት ተመራቂ ተማሪ ሦስተኛውን ምዕራፍ በእጅ ጽፋ አምጥታ ያስተየበችው እኔ ዘንድ ብቻ ስለነበር፣ ሁለት ሌሊት ከረዳቴ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ተየብንላት።

አሁን ሦስቱንም ኮምፒውተሮች ከተሰረቀ ሶፍትዌር ማጽዳት እፈልጋለሁ። የምሠራው አማርኛ ጽሕፈት፣ ጥሪ ወረቀት፣ የጉርድ ፎቶ ማስተካከልና ጥቂት ሒሳብ ነው። ለእነዚህ በነጻ ወይም በአቅሜ የሚገኙ ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ትክክለኛውን ማውረጃ ከሐሰተኛው እንዴት እለያለሁ?

ጠጋኙ፣ ከመርካቶ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በመጀመሪያ ያንን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አያድርጉት። የጠቀሱት የገንዘብ መጠንና የ72 ሰዓት ገደብ «ስቶፕ» ወይም «ዲጄቪዩ» የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የታወቀ ምልክት ነው፤ ይህም ቫይረስ በዋነኛነት የሚዛመተው በክራክና በኪይ ማውጫ ፕሮግራሞች ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ሥራውን ሲጀምር በኢንተርኔት ከላኪዎቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ቁልፍ ይቀበላል፤ ግንኙነት ካጣ ግን በውስጡ አስቀድሞ የተቀመጠውን፣ የብዙ ተጠቂዎች የጋራ የሆነውን ቁልፍ ይጠቀማል። ኤምሲሶፍት የተባለው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ ያወጣው መፍቻ ሊረዳ የሚችለው በተለይ በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ በዚያን ሰዓት ኔትወርክ ተቋርጦብዎ ከነበረ ተስፋ አለ። ሌላም ነገር ልብ ይበሉ፤ ቫይረሱ የሚቆልፈው የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶውና የወርድ ፋይሉ ባይድንም ትልልቅ ቪዲዮዎችን በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ ካለ በነጻ መጠገኛ ማዳን የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የቤዛ ቫይረስ መፍቻዎች ተሰብስበው የሚገኙበት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ በዩሮፖልና በሁለት የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያዎች ትብብር የተቋቋመ ሲሆን ምንም ክፍያ አይጠይቅም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በቋንቋችን «ነጻ» እና «በነጻ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ገንዘብ አያስከፍልም እንጂ ባለቤቱ ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ሊያስከፍል ወይም ማስታወቂያ ሊያስገባበት ይችላል። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ግን ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ መጠቀምም ማባዛትም ማሻሻልም በፈቃዱ ላይ በግልጽ የተፈቀደ ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የጀመረው እንቅስቃሴ የቆመው ለዚህ ነው። ለእርስዎ ቤት የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ አንድ ጊዜ አውርደው ሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑት፣ ለጎረቤትዎም በፍላሽ ቢሰጡት ሕጋዊ ነውና።

ለጽሕፈት ሊብሬ ኦፊስ ይበቃዎታል። መነሻው ስታር ኦፊስ የተባለ የጀርመን ፕሮግራም ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዝቶት ኮዱን በኦፕን ኦፊስ ስም ከፈተው፤ ኦራክል ሰንን ከጠቀለለው በኋላ ደግሞ ሠሪዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ተለይተው በዛሬው ስሙ አስቀጠሉት። ኦፕን ኦፊስ ዛሬም በስሙ ይገኛል፤ ሥራው ግን ስለተዳከመ አዲሱን ይውሰዱ። ለጉርድ ፎቶ ጊምፕ፣ ለሎጎና ለማኅተም ዓይነት ሥዕል ኢንክስኬፕ፣ ለቪዲዮ ማጫወቻ ቪኤልሲ፣ የታሸጉ ፋይሎችን ለመክፈት ሰቨን ዚፕ በቂ ናቸው።

ዋናው ነገር ግን የሚያወርዱበት ቦታ ነው። የፕሮግራሙን ስም ፈልገው በመጀመሪያ የሚመጣልዎት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ በማስታወቂያው በኩል ሐሰተኛ ገጽ ያቆሙ ሰዎች ደጋግመው ተገኝተዋል። እኔ የፕሮግራሙን ሠሪ ድርጅት አድራሻ ከዊኪፒዲያ ገጹ ወስጄ በእጄ እጽፋለሁ። «ሁሉም ሶፍትዌር ያለበት» የሚሉ የማከማቻ ገጾችን እተዋለሁ፤ በስም የታወቁትም ቢሆኑ ከስሕተት አልዳኑም። ሶርስፎርጅ በአንድ ወቅት በነጻ ፕሮግራሞች መጫኛ ላይ ሌሎች የማስታወቂያ ፕሮግራሞችን ይጨምር ስለነበር የጊምፕ ሠሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ትተውት ወጥተዋል፤ ድርጊቱ የቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ሲቀየር ነው።

ከትክክለኛው ቦታ ማውረድም ብቻውን ዋስትና አይደለም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻ ሥርዓት፣ የሊነክስ ሚንት፣ ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ማገናኛ መሰለያ ወደተጨመረበት ቅጂ ተቀይሮ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከፋይሉ ጎን የሚያወጡትን «ሻ 256» የተባለ ረጅም የመለያ ቁጥር ያመሳክሩ። ከባድ አይደለም፤ ሰቨን ዚፕ ከተጫነ በኋላ የወረደውን ፋይል በቀኝ ክሊክ ከፍተው የመለያ ቁጥሩን እንዲያሰላ ያዙትና ከድረ ገጹ ጋር ያስተያዩ፤ በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ አይጫኑት።

ቢኒ 27

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን እኔ ከቴሌግራም ቻናል አውርጄ ከአራት ዓመት በላይ ስጠቀም ምንም አልደረሰብኝም። አንቲቫይረሱ ክራክን ሁሉ በስሕተት ቫይረስ ይለዋል። ደንበኛ የሚያመጣው ፋይል በታወቁት ፕሮግራሞች የተሠራ ስለሆነ ከእነርሱ ውጭ መሥራት ገበያ ማጣት ነው። ዋናውን ልግዛ ብል እንኳ የውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ የለኝም።

ጠጋኙ፣ ከመርካቶ

ወንድሜ ቢኒ፣ የካርዱ ችግር እውነተኛ ነው፤ እኔም አለብኝ። አንቲቫይረሱ አንዳንዴ እንደሚሳሳትም አልክድም። ይሁን እንጂ ጤነኛውን ክራክ ከመርዛሙ የሚለየው አንቲቫይረሱ ብቻ ሆኖ ሳለ እርሱን አጥፍተን ከገባን የሚቀረን መለያ ምንድን ነው? የይለፍ ቃል የሚሰርቁት ቫይረሶች ደግሞ ድምፅ አያሰሙም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ያልተገዛ ዊንዶውስን እንደተገዛ ያስመስላል በሚባል ፕሮግራም ሐሰተኛ መጫኛ ውስጥ ሲሰራጭ የተገኘው ክሪፕትቦት በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ወስዶ ይሄድ ነበር። ያኔ ምንም እንዳልደረሰብህ እንዴት ታውቃለህ? ሕጉንም ማስታወስ ይገባል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች ጋር ያስቀምጠዋል፤ ደረሰኝ ቆርጦ ለሚሠራ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የድሮዋ ታይፒስት

ልጆቼ፣ ከታይፕራይተር ጀምሮ በዚህ ሙያ የቆየሁ ነኝ፤ ያነሣችሁት ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ የጽሕፈት ቤትን ሰው በእርግጥ የሚያስቸግረው ነገር አልተነሣም። ሊብሬ ኦፊስ በጫንሁ በመጀመሪያው ቀን የድሮ ፋይሌን ስከፍት አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ታየኝና ፕሮግራሙ አበላሸብኝ ብዬ አጥፍቼው ነበር። ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ አልነበረም።

የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለነበር፣ በዓይናችን «ሀ» ሆኖ የሚታየው ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ይጠፋል። ከዩኒኮድ በኋላም ቢሆን እጃችን የለመደው አሮጌው ፎንት ስለሆነ በዚያው የተጻፈ እጅግ ብዙ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤና የእድር መዝገብ በየፍላሹ ተቀምጧል። ስለዚህ ኮምፒውተርዎን ከማጽዳትዎ በፊት የድሮ ፋይሎችዎን እየከፈቱ በምን ፎንት እንደተጻፉ ይመዝግቡ። በዩኒኮድ የተጻፈው በየትኛውም የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት ይከፈታል። በአሮጌው የተጻፈውን ግን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ መለወጥና ከተለወጠ በኋላ ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል፤ በእኔ ልምድ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ እንደ «ቋ» እና «ኳ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት ላይ ስሕተት ይበዛል። ሦስት መቶ ገጽ የሚሆን የአንድ ማኅበር ታሪክ እንዲህ አድርጌ ስለውጥ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ ቢሆንም ያ ጽሑፍ ዛሬ በስልክም ሳይቀር ይነበባል።

ለመጻፊያው ኪይማን የተባለው ፕሮግራም አለ፤ ቀድሞ ይሸጥ የነበረ ሲሆን አሁን በነጻ የሚሰጥ፣ ኮዱም የተከፈተ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀውን የአማርኛ ገበታ ከዚያው ከኪይማን ገጽ ማውረድ ይቻላል። በድምፅ አጻጻፍ ስለሆነ በፓወር ግዕዝ ለለመደ እጅ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ጥቂት ፊደላት የሚገኙበት ቁልፍ ይለያልና የመጀመሪያው ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ለፎንት «አቢሲኒካ ሲል» እና «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» በነጻ ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ ለጥሪ ወረቀትም ሆነ ለመጽሐፍ ያለ ሥጋት ይጠቀሙባቸው። እኔ ለመጽሐፍ አቢሲኒካን እመርጣለሁ፤ የብራና አጻጻፋችንን ቅርጽ የያዘ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊብሬ ኦፊስ ሲጫን በአማራጩ ገብታችሁ አማርኛን ከመረጣችሁ ማዘዣዎቹ ሁሉ በአማርኛ ይሆናሉ። ለረዳቶቼ ሥራ የማስተምረው በዚህ ነው፤ እንግሊዝኛ የማታነብ ልጅ በሦስት ቀን ሠንጠረዥ መሥራት ቻለች።

የስታቲስቲክስ መምህር

የመመረቂያ ጽሑፍ ስለተነሣ ጥቂት ልበል። ተማሪዎቻችን ኤስፒኤስኤስ ለተባለው የስታቲስቲክስ መተንተኛ ፕሮግራም ክራክ ፍለጋ የሚደርሱበትን አውቃለሁ። ፒኤስፒፒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የኤስፒኤስኤስን የዳታ ፋይል በቀጥታ ይከፍታል፤ ድግግሞሽ፣ ካይ ስኩዌር፣ ቲ ቴስት፣ ተራ ሪግሬሽንና የመሳሰለውን ይሠራል፤ ለብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ ጥናት ከዚህ የሚያልፍ አያስፈልግም። ከፍ ላለው ትንተና በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ጃስፕ አለ፤ ሠንጠረዡ ንጹሕ ስለሆነ ወደ ጽሑፍ ለማስገባት ይመቻል። አማካሪ የሆናችሁ ባልደረቦቼን የምለምነው ተማሪው «በኤስፒኤስኤስ ተተንትኗል» ብሎ እንዲጽፍ አታስገድዱ፤ ስሌቱ አንድ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

በሒሳብ ሥራ በኩል የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጂኤንዩ ካሽ በሁለትዮሽ ምዝገባ፣ ማለትም እያንዳንዱን ሒሳብ በዴቢትም በክሬዲትም እየመዘገበ የሚሠራ ጥሩ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የደብረ ብርሃኑን ወንድማችንን ለመሰለ ሰው ገቢና ወጪውን፣ ዱቤውንና የወረቀትና የቀለም ግዢውን ለመያዝ በቂው ነው። ነገር ግን በየድርጅቱ የተለመደውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪን፣ ይተካል ብሎ ለሥራ ፈላጊ መንገር አይገባም። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላሉ፤ የፒችትሪን ባክአፕ ጂኤንዩ ካሽ አይከፍተውም፤ የደመወዝና የዕቃ ክምችት ክፍሉም የለውም። ነጻው ፕሮግራም የማይደርስበትን ቦታ ካልነገርናቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ሞክረው ተቆጥተው ወደ ክራኩ ይመለሳሉ። ድርጅት ላላቸው የምመክረው የሚገዛውን አንድ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ ገዝተው ሌላውን ሁሉ በነጻው እንዲሸፍኑ ነው።

ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት ዘመዶቼ «የዊንዶውስ ኪይ በ10 ዶላር ይሸጣል፤ ግዢልን» እያሉ ስለሚጽፉልኝ ነው ይህን የምጽፈው። እነዚህ ቁልፎች በአብዛኛው ለድርጅት ወይም ለትምህርት ቤት በጅምላ ከተሰጡት ተነጥለው የሚቸረቸሩ ናቸው፤ ዛሬ ቢሠሩም አምራቹ በማንኛውም ቀን ሊዘጋቸው ይችላል፤ ገዢው ደግሞ የሚያሳየው ሕጋዊ ማስረጃ የለውም። ርካሽ ናቸው ማለት አይቻልም።

በእርግጥ ርካሽ የሆነው መንገድ ሌላ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቴክሱፕ የተባለ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ድርጅት አለ፤ እዚህ አሜሪካ ያለው የኮሚኒቲ ማኅበራችን በትርፍ አልባነት ከተመዘገበ በኋላ ሶፍትዌር የሚወስደው በእርሱ በኩል በአነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ብዙ ፕሮግራሞችን ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ተመራቂዎች ኢሜይላቸው ሳይዘጋ ቢጠይቁ መልካም ነው። በየአገሩ ያላችሁ ወገኖች ለዘመድ ስትጠየቁ ያልታወቀ ቁልፍ ከመግዛት ይልቅ አንድ ፍላሽ ላይ የተመሳከረ ሊብሬ ኦፊስ፣ ኪይማንና ጊምፕ ጭናችሁ ብትልኩ የዳታውን ወጪ ትቀንሱላቸዋላችሁ፤ ሊብሬ ኦፊስ ብቻውን 350 ሜጋባይት ገደማ ነውና።

የደብረ ብርሃኑ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ ታይፒስት፣ ፎንቱን ስለመመዝገብ የነገሩኝ ከብዙ ጣጣ አድኖኛል፤ ከ1,100 ፋይል ውስጥ 400 ያህሉ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ሆኖ ስላገኘሁት አንዱን ኮምፒውተር ለእርሱ ብቻ ለይቼ ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ሦስተኛው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ማብቃቱን ሰምቻለሁ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አልቀበለውም አለ። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ሊነክስ ብጭንበት ፕሪንተሮቼ ይሠሩልኛል?

ጠጋኙ፣ ከመርካቶ

ሊነክስ ሚንት ከ2 ጊጋ ራም ጀምሮ ይሠራል፤ ለምቾት 4 ይመከራል፤ ስለዚህ ለእርስዎ ይሆናል። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ፓኬጁ ርካሽ በሆነበት ሰዓት ያውርዱት፤ የመለያ ቁጥሩንም ማመሳከርዎን አይርሱ። በፍላሽ ላይ ካዘጋጁት በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሡት፤ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ እንዲሁ ይከፈታል። በዚያው ሁኔታ ሁለቱንም ፕሪንተሮች ሰክተው አንዳንድ ገጽ ያትሙ፤ ስካነሩንም ይሞክሩ። የኤችፒ ፕሪንተሮች አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይታወቃሉ፤ ሌሎቹ ከአምራቹ የሊነክስ ድራይቨር ሊጠይቁ ይችላሉ። ካልሠራ ፍላሹን ነቅለው እንደነበረ ይቀጥላሉ።

ስለ ጥሪ ወረቀት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ጊምፕም ኢንክስኬፕም ለማተሚያ ቤት የሚያስፈልገውን የአራት ቀለም አሠራር በሚገባ አይዙም። በእርስዎ ፕሪንተር ለሚታተመው ችግር የለውም፤ ወደ ትልቅ ማተሚያ ቤት የሚልኩትን ግን ስክሪበስ በተባለው ነጻ የገጽ ማቀናበሪያ ያቀናብሩት። በማይክሮሶፍት ፐብሊሸር የተሠሩ የቀድሞ ጥሪ ወረቀቶችን «ድሮው» (Draw) የተባለው የሊብሬ ኦፊስ ክፍል ይከፍታቸዋል፤ አንዳንድ ሣጥን ከቦታው ስለሚንሸራተት ያስተካክሉት።

የደብረ ብርሃኑ ጸሐፊ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። መፍቻውን ሞከርሁት፤ የእኔ ፋይሎች የተቆለፉት ለብቻዬ በተሰጠ ቁልፍ ስለሆነ ፎቶውና ጽሑፉ አልተፈታም። ሃርድ ዲስኩን ቀኑን ጽፌበት አስቀምጬዋለሁ። የሠርጉ ቪዲዮ ግን ተርፏል፤ ቪዲዮ አንሺው በዚያው ካሜራ የቀረጸውን ሌላ ቪዲዮ በፍላሽ ስላመጣልኝ ከስድስቱ ቀረጻዎች አምስቱ ተጠግነው ለሙሽሮቹ አስረክቤአለሁ።

አሮጌው ኮምፒውተር በሚንት እየሠራ ነው፤ ትልቁ ፕሪንተር ወዲያው ታወቀ፤ ትንሹ ድራይቨር ጠይቆ አንድ ቀን አስቸግሮኛል። ረዳቴ በኪይማን ለመጻፍ አሥር ቀን ፈጀባት፤ ዛሬ ከቀድሞው ፍጥነቷ ብዙም አትርቅም። ያወረድኋቸውን መጫኛዎች በሙሉ፣ ከየት እንደወረዱና መቼ እንደወረዱ፣ የመለያ ቁጥራቸውንም በደብተር ይዤ በአንድ ፍላሽ አስቀምጫለሁ። በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ያላችሁ የጽሕፈት ቤቶች ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ሳላስከፍል እገለብጥላችኋለሁ፤ ቁጥሩንም አብረን እናመሳክራለን።